የጊታር ፊትና ጀርባ



ከፊቴ ጊታራቸውን በጀርባቸው ያዘሉ ወጣቶች አያለሁ። የአናጢነት ሙያ የሚማሩም በአዳራሹ እንዳሉ ተነግሮኛል። ሙዚቀኛና አናጢ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ንግግር ሲሰሙ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ወሬዬን ሁለታችሁ ከምትገናኙበት ቦታ ልጀምር። አንድ ተጫዋች ጊታር ሠሪ ዘንድ ሄዶ «በልኬ ሥራልኝ» ይላል። ሠሪውም የእንጨት ማስቀመጫውን ከፍቶ «በል ምረጥ» ይለዋል። ገዢው በዚያች ሰዓት ምን ያያል? ምንስ ማየት ነበረበት?

የምከራከርበትን ነገር ሳላድበሰብስ ላስቀምጠው። ገዢ ገንዘቡን የሚያፈሰው በጊታሩ ጀርባ ላይ ነው፤ የሚዘፍነው ግን የጊታሩ ፊት ነው። ከዚህ የተነሳ በዓለም ገበያ የእንጨቱ ስም ከራሱ ከእንጨቱ ውድ ሆኗል፣ ዕዳውንም ደን ከፍሎታል። የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልነገርኋችሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በስፔን ግራናዳ ከተማ፣ ከፕላሳ ኑዌቫ አደባባይ ወደ አልሃምብራ ቤተ መንግሥት የምትወጣ ጠባብ ዳገት አለች፤ ኩዌስታ ደ ጎሜሬስ ትባላለች። ጊታር ሠሪዎች ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተቀባበሉ የሠሩባት መንገድ ናት። የዚህ ዓይነት ሥራ ቤት የገባ ሰው ፋብሪካ ከጠበቀ ያፍራል። መላጊያ፣ መሮ፣ ቀጭን መጋዝ፣ ጎኑን ለማጉበጥ በእሳት የሚግል የብረት ቱቦ፣ ኮላ የሚሞቅበት ዕቃ፤ ከዚያ ብዙ አያልፍም። የሳይፕረስ ጣውላ እየተላገ ከሆነ ሽታው ከበር ይቀበላችኋል። ጥድ ሲላግ የሸተተው ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ሁለቱ ዛፎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

የሠሪው ሀብት ያለው መደርደሪያው ላይ ነው። ስስ ጣውላዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አየር እንዲያልፋቸው በመካከላቸው ቀጫጭን ክፋይ ገብቶ፣ ለዓመታት ይቀመጣሉ። ጥንድ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንድ ጉማጅ ተከታትለው የተሰነጠቁ ሁለት ሰሌዳዎች እንደ መጽሐፍ ተገልጠው ጠርዝ ለጠርዝ ሲጣበቁ፣ የግራውና የቀኙ መስመር ይመሳሰላል፣ ጥንካሬያቸውም ይቀራረባል።

አሁን ገዢው ይገባል። ዓይኑ በቀጥታ ወዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ? ለጀርባ ወደሚሆነው ሮዝዉድ። ቀይ፣ ቡናማና ጥቁር የተሸመነበት፣ ሲወለወል የሚያበራ እንጨት ነው፤ የማያምር ነው አልልም። ከጎኑ ያለው፣ ለፊት የሚሆነው ነጣ ያለ ስፕሩስ ግን ያልተቀባ የበር ሳንቃ ይመስላል። ገዢው በሮዝዉዱ ላይ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ለስፕሩሱ ሲደርስ «አንተ ጥሩ ያልከውን» ብሎ ያልፋል። ሥራው የተገላቢጦሽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ክር ብቻውን ይህ ነው የሚባል ድምፅ የለውም። ቀጭን ስለሆነ አየሩን ሰንጥቆት ያልፋል እንጂ አይገፋውም። ንዝረቱ በብሪጁ በኩል፣ ክራር የምትመቱት በርኩማ በምትሉት በኩል፣ ወደ ፊተኛው ሰሌዳ ይወርዳል፤ አየሩን የሚገፋው ይህ ሰፊ ሰሌዳ ነው። በናይለን ክር በሚሠራ ክላሲካል ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች ተደምረው 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። ያንን ጉተታ ቀንና ሌሊት የሚሸከመው ሰሌዳ ውፍረቱ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቢወፍር ይዘጋል፣ ቢሳሳ ይጎብጣል። ስለዚህ ቀላልም ጠንካራም የሆነ እንጨት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ጠባዮች ደግሞ በአንድ ዛፍ ላይ አብረው መገኘታቸው ብርቅ ነው።

ስፕሩስ የተመረጠው ለዚህ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ስፕሩስ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ብረት ቢሆን 7,800 ነው። ድምፅ ግን በስፕሩስ ቃጫ አቅጣጫ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ በብረት ዘንግ ውስጥ ከሚሮጥበት ፍጥነት እምብዛም አይርቅም። በቃጫው አግድም ግን ፍጥነቱ ወደ ሲሶና ሩብ ይወርዳል። ሠሪው ከሰሌዳው በስተውስጥ ቀጫጭን ድጋፎችን በዚህም በዚያም የሚለጥፈው ይህን ልዩነት ለመግራት ነው። በተለይ የአልፕስ ተራሮች ስፕሩስ በብርድ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ይፈለጋል፤ በሰሜን ጣሊያን ቫል ዲ ፊየሜ ሸለቆ ያለው ደን ለሙዚቃ መሣሪያ እንጨት በማቅረብ ከጥንት የታወቀ ነው።

እንግዲህ ሰሌዳውን አንሡና እዩት። መጀመሪያ ጫፉን ነው የምታዩት። የዕድገት ቀለበቶቹ ከሰሌዳው ገጽ ጋር ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ ካዘመሙ በአግድም የሚኖረው ጥንካሬ በፍጥነት ይወርዳል። በትክክል የተሰነጠቀ ከሆነ መስመሮቹን የሚያቋርጥ የሐር ዓይነት ብልጭታ በገጹ ላይ ይታያል። ከዚያ ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከገጹ ጋር እኩል መሄዱን መርምሩ። ግንዱ በመጋዝ ብቻ ከተተለተለ ቃጫው ወደ ውስጥ እየጠለቀ ሊቆረጥ ይችላል፤ በመጥረቢያ ወይም በሽብልቅ የተፈለጠ ጉማጅ ግን የራሱን ቃጫ ተከትሎ ነው የሚከፈተው። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሠሪ መጀመሪያ ፈልጦ ኋላ የሚሰነጥቀው። ቀለሙ ወጥ አለመሆኑ፣ እዚህም እዚያም ሰረዝ መታየቱ፣ ለድምፁ ምንም አይደለም። የቀለበቶቹ መቀራረብም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ሰፋፊ መስመር ያለው ሆኖ ጥንክር ያለ ስፕሩስ ሞልቷል።

ቀጥሎ እጅ ነው። ሰሌዳውን በርዝመቱም በወርዱም ቀስ ብሎ ማጉበጥና እንቢታውን መለካት። በመጨረሻ ጆሮ። ሠሪው ሰሌዳውን ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ላይ በሁለት ጣት ይይዘውና መካከሉን በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል። ጥሩው ሰሌዳ ረዘም ላለ ጊዜ ይጮሃል፤ ደካማው ድፍን ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ገዢውም ማንኳኳት ያምረዋል። ጎንበስ ብሎ ያንኳኳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሠሪውም በትሕትና አብሮ ይነቀንቃል። ብዙውን ጊዜ ቴአትር ነው። ውፍረታቸውና ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ሰሌዳዎችን በማንኳኳት ማወዳደር አይቻልም፤ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ ወፍራሙ ቀጥኖ ይጮሃል። ሠሪው ከድምፁ ቁም ነገር የሚያወጣው የእንጨቱን ክብደት ስለሚያውቅ፣ ነገ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚልገውም በልቡ ስለያዘ ነው። የእናንተ ድርሻ ሌላ ነው፤ ምን እንደምትጫወቱ፣ በጣት ይሁን በጥፍር፣ በአዳራሽ ይሁን በማይክሮፎን፣ መንገር። ያ ወሬ ለሠሪው ከአሥር ማንኳኳት ይበልጥበታል።

ስፕሩስ ብቸኛው ምርጫ አይደለም። የማድሪዱ ሠሪ ሆሴ ራሚሬስ ሣልሳዊ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚመጣውን ቀይ ሲዳር በክላሲካል ጊታር ፊት ላይ አስለመደ። ሲዳር ሞቅ ያለ ድምፅ ከመጀመሪያው ቀን ይሰጣል፤ ስፕሩስ ጊዜ ይፈልጋል ይላሉ ሠሪዎች። ሲዳር ለስላሳ ስለሆነ ጥፍር ያርፍበታል። ታላቁ ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያ ጀርመናዊው ሄርማን ሃውዘር በ1937 የሠራለትን የስፕሩስ ጊታር ሲጫወት ኖሮ ኋላ የራሚሬስን ሲዳር ይዟል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን «ትክክለኛ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እለፉት።

አሁን ወደ ጀርባው ልዙር። በጀርባና በጎን እንጨት ላይ ያለውን ክርክር ያስነሣው የዘመናዊው ጊታር አባት ራሱ ነው። አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ1817 በአልሜሪያ አውራጃ ተወለደ፤ ሙያው አናጢነት ነበር። ዛሬ ክላሲካል ጊታር ብለን የምናውቀው ቅርጽ፣ 650 ሚሊ ሜትሩ የክር ርዝመት፣ ከድምፅ ቀዳዳው በታች የሚዘረጉት ሰባት ድጋፎች፣ እነዚህ ሁሉ መልካቸውን የያዙት በእሱ እጅ ነው። ቶሬስ የሚዘፍነው ፊቱ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1862 ይህን ለማሳየት ፊቱን ከስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑን ግን ከተቦካ ወረቀት አድርጎ ጊታር ሠራ። አዎ፣ ከወረቀት! ጊታሩ ዛሬም በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም አለ። ጊታሪስቱ ፍራንሲስኮ ታሬጋ ለዓመታት የተጫወተበት የቶሬስ ጊታር፣ የ1864ቱ፣ ጀርባው ሮዝዉድ አልነበረም፤ ሜፕል ነበር።

አንድ የወረቀት ጊታር ማስረጃ አይሆንም የሚል ካለ ልክ ነው። በ2018 የወጣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ጥያቄውን በሥርዓት ፈተነው። ሮጀር በክናል የተባለ ሠሪ ስድስት የብረት ክር ጊታሮችን በአንድ ልክ ሠራ፤ ልዩነታቸው የጀርባና የጎን እንጨታቸው ብቻ ነበር፤ ከመካከላቸው የብራዚል ሮዝዉድም ነበረበት። 52 ጊታሪስቶች እንጨቱን እንዳያዩ መብራት ደብዝዞ፣ የበያጅ መነጽር አድርገው ተጫወቱባቸው። የሰጡት ውጤት በስድስቱ መካከል ተቀራራቢ ሆነ፤ ውዱ ከርካሹ ተለይቶ አልወጣም። ከዚያ ቀደም በ1995 የካሊፎርኒያው ቴይለር ኩባንያ ከዕቃ መጫኛ ርብራብ እንጨት ጊታር ሠርቶ ወደ ንግድ ትርኢት አቅርቦ ነበር። ያው ጨዋታ ነው፤ ግን ጊታሩ ነጥቡን አስተላልፏል።

ጀርባ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ክብደቱና ጥንካሬው ፊቱ ጉልበቱን የት እንደሚያወጣ ይወስናል። የስፔኑ የፍላሜንኮ ጭፈራ ጊታር ቀላል የሳይፕረስ ጀርባ አለው፤ ድምፁ ፈጥኖ ይነሳል፣ ፈጥኖም ይሞታል፤ እግር መሬት ሲደቃና እጅ ሲጨበጨብ ለመሰማት የሚፈለገው ይህ ነው። የታሪኩ ጣዕም ደግሞ ሳይፕረስ መጀመሪያ የተመረጠው በአገሩ የሚገኝ ርካሽ እንጨት ስለነበረ መሆኑ ነው። ሮዝዉድ መግዛት ለማይችል ተጫዋች የተሠራው ጊታር የራሱን ሙዚቃ ድምፅ ሆኖ ቀረ። ምርጫው እንግዲህ በጠባይ መሆን አለበት፤ በስም ሲሆን ነው የሚበላሸው።

ስም ያመጣውን መዘዝ እንይ። የብራዚል ሮዝዉድ ከመወደዱ የተነሳ ዛፉ ተመናምኖ በ1992 ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ በሆነው መዝገብ ገባ። ከዚያ ወዲህ የዚህን እንጨት አሮጌ ጊታር እንኳ ይዞ ድንበር ለመሻገር ወረቀት ያስፈልጋል። በ2017 መጀመሪያ የቀሩት የሮዝዉድ ወገኖች ሁሉ በሁለተኛው መዝገብ ተካተቱ፤ ሙዚቀኛው በየአየር ማረፊያው ተጨነቀ። በ2019 መጨረሻ ለተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ነፃነት ሲሰጥ የብራዚሉ ግን በጥብቁ መዝገብ እንዳለ ቀረ። ከኢትዮጵያ ውጭ ለሚኖር ዘመዳችሁ «አሮጌ ጊታር አምጣልኝ» የምትሉ ሰዎች ጀርባው ከምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዞጲም እንዲሁ ነው። የጣት ሰሌዳ የሚሠራበት ይህ እንጨት ድቅድቅ ጥቁር ካልሆነ ገዢ አይነካውም ነበር። ጊብሰን የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ኩባንያ ከማዳጋስካር ባስገባው ዞጲ ምክንያት መንግሥት ፋብሪካውን ፈትሾት በ2012 300,000 ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። በካሜሩን ደግሞ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ውስጡ ነጭና ቡናማ ሰረዝ ካለበት እዚያው ጫካ ውስጥ ይተው ነበር። ቴይለር ከአንድ የስፔን ኩባንያ ጋር ሆኖ በ2011 ያውንዴ ያለውን የእንጨት ፋብሪካ ሲገዛ ባለሰረዙንም በጊታሮቹ ላይ መጠቀም ጀመረ። በድምፁ የተለየ ነገር ያገኘ የለም። ጥቁረት የገዢ ምኞት ነበር፤ ዛፍ የሚረግፍለት ምኞት።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ የእኛ መሣሪያዎች ይህን ክርክር ድሮ የጨረሱት ይመስለኛል። በገና፣ ክራር፣ መሰንቆ፣ ሦስቱም ፊታቸው ቁርበት ነው። የክራር ሳጥን ከእንጨት ይፈለፈላል፤ ከብረት ሳህን የተሠራም ብዙ አይተናል፤ ቁርበቱ በደንብ ከተወጠረ ሁለቱም ይዘፍናሉ። ሳህኑን «እንጨት አይደለህም» ብሎ ያባረረው ደርዳሪ አላየሁም።

ጊታር ለመሥራት ለምታስቡ አናጢዎች የምለው ይህን ይዤ ነው። በየደጋው የተተከለው የፈረንጅ ጥድ ሳይፕረስ ነው፤ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ለፍላሜንኮ ጊታር ጀርባ ከሚውለው የሜዲትራኒያን ዛፍ ጋር የአንድ ወገን። በየጣውላ ተራው ለኮርኒስና ለሳጥን እየተሸጠ ነው። ችግሩ ጉጥ ነው፤ በለጋነቱ ቅርንጫፉ ያልተገረዘ ዛፍ ጣውላው ጉጥ በጉጥ ይሆናል። የጊታር ጀርባ ወርዳቸው 20 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመታቸው ከ50 የሚያልፍ ሁለት ንጹሕ ሰሌዳዎች ይፈልጋል፤ ጎኑ ደግሞ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድና 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ቀለበቱ ቆሞ እንዲወጣ፣ ልቡና ቅርፊቱ ሲጣል፣ ግንዱ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ይኑረው። እንዲህ ያለ ግንድ ካልተገኘ ጀርባውን ከሦስት ወይም ከአራት ቁራጭ መግጠም ይቻላል፤ ስመ ጥር ሠሪዎችም ያደርጉታል።

ወይራ ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ለጣት ሰሌዳ ይሞከር። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፤ ከበሮ የሚፈለፍሉ ሰዎች ያውቁታል። ግን ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በአዋጅ ቁጥር 94/1986፣ ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው፣ ተከልክሎ የነበረው ዛፎቹ ስለተመናመኑ ነበር፤ ሕጉ ኋላ በሌላ ቢተካም ምክንያቱ አልጠፋም። ለፊት ሰሌዳ ስፕሩስ ማስመጣት ይበጃል፤ ለአንድ ጊታር የሚበቃው ጥንድ በሻንጣ ይገባል፣ የሳይቲስ ወረቀትም አይጠየቅበትም።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ላክል። ጊታር ሠሪዎች ሥራ ቤታቸውን ከ45 እስከ 50 በመቶ በሚሆን እርጥበት ይጠብቃሉ። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ይነፋል፣ ይኮማተራል። እርጥብ የባሕር ዳርቻ ላይ የተጣበቀ ሰሌዳ በአዲስ አበባ የበጋ ወራት ሲኮማተር ድጋፎቹ ይዘውት መሄጃ ያጣና ከመካከሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከውጭ የምታሠሩ ሰዎች ጊታሩ የት እንደሚኖር ለሠሪው ንገሩት። እዚህ የምትሠሩ ደግሞ ፊቱን የምታጣብቁበትን ወር ምረጡ፤ ክረምት አይሁን።

ደረቅ እንጨት ከየት ይምጣ ለምትሉኝ፣ በኒውዮርክ ካርሚን ስትሪት የሚባል ጊታር ቤት ነበር፤ በ2018 ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶለታል። ባለቤቱ ሪክ ኬሊ የኤሌክትሪክ ጊታሮቹን ይሠራ የነበረው ከከተማይቱ አሮጌ ሕንጻዎች ከወጣ ወራጅና ወለል ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ በጣሪያ ሥር የደረቀ እንጨት። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ዘመን ስንት አሮጌ ቤት እንደሚፈርስ ታያላችሁ። ከፍርስራሹ የሚወጣው የጥድ ወራጅና ምሰሶ ግን በማገዶ ሒሳብ እየሄደ ነው። አንድ ሁለቱን ግዙ። ጫፉን ቁረጡና ቀለበቱ ወዴት እንደዞረ እዩ፣ ልቡን አስወግዳችሁ ቀለበቱ ቆሞ እንዲወጣ ሰንጥቁት፣ ስስ ሆኖ ከተሰነጠቀ በኋላም እንደገና ለወራት ይረፍ፤ ተከፍቶ አዲስ አየር ያየ እንጨት ይንቀሳቀሳል። ብቻ መጋዙን ከማስገባታችሁ በፊት ወራጁን ከዳር እስከ ዳር በማግኔት ፈትሹት፤ የድሮ አናጢ ምስማር አይቆጥብም ነበር።

ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።